አራተኛ ፎቅ፣ ስምንተኛ ወር

ሰኞ የካቲት 3፣ ጠዋት

ውሃ ዛሬም የለም። ፈረቃው የእኛ ብሎክ ነበር፣ ሳይመጣ ቀረ። ታች ካለው ሮቶ አንድ ጄሪካን ቀዳሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አቃተኝ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ሰዎች እየተጣደፉ አለፉኝ፣ ሥራ ረፍዶባቸው። እንደምን አደርሽ ያለኝ የለም። እኔም ቀና አላልኩም።

የእርግዝናዬ ስምንተኛ ወር ገብቷል። ጫማ እምቢ አለኝ፤ እግሬ አብጧል። የባሌን የገመቹን ነጠላ ጫማ አድርጌ መ/ቤት ልሄድ ነው። ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ ከጠረጴዛ ኋላ የሚውልን ሰው ማን እግሩን ያያል።

ገመቹ ትናንት ተነሳ። ተሳቢውን ይዞ፣ ጅቡቲ። ሳትወልጂ እደርሳለሁ ብሎ ማለልኝ። የድንበሩን ጋላፊ ካለፈ ስልኩ አይሠራም። ያኔ ያለሁት እኔና አንቺ ብቻ ነን፣ ማስታወሻዬ።

ፈርቻለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ለሰው ግን አልተናገርኩም።

ረቡዕ የካቲት 5፣ ከሰዓት

ከጤ/ጣቢያ መመለሴ ነው። ነርሷ ግፊቴን ለካች። በሌላው ክንዴ ደግማ ለካች። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ግማሹን አልሰማሁትም።

የሰማሁት፦ ግፊቴ ከፍ ብሏል። ሽንቴም ደህና አይደለም። ኪኒን በሰዓቱ። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጡቴ በታች ሕመም፣ ከነዚህ አንዱ ከመጣ ነገ ሳልል ሆስፒታል። ቤት ውስጥ ሰው አለሽ ወይ አለችኝ። አማቴ ይመጣሉ አልኳት። ገና አልጠየቅኳቸውም ነበር። ከበሩ እንደወጣሁ ደወልኩላቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ ናፈቁኝ አልኩ።

እናቴ የሞተችው በወሊድ ነው። ይሄን ገጽሽ ላይ ጽፌው አላውቅም። ሰባት ዓመቴ ነበር። ሳሪስ አቦ፣ የቀበሌ ቤት፤ አምስት ጎጆ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስነጥሰው ይማርህ እንለው ነበር፣ እዛው ከአልጋችን ሳንነሳ። ምጥ ሲይዛት ማንንም አልጠራችም። ሰምተው መጡ። የግቢው ሴት ሁሉ፣ የሚቀጥለውም ግቢ። የባለሱቁ ሚስት እትዬ ዘይነባ እኔን ወስደው ከሱቁ ጀርባ አስቀመጡኝ፣ ብስኩት ሰጡኝ። ሳሙና ሳሙና የሚሸት ብስኩት። እየበላሁ እያለ ጩኸቱ ተለወጠ።

ያ ሁሉ ሰው እያለ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም።

እኔ ኪኒን አለኝ። ስልክ አለኝ። ሆስፒታል አለኝ። ሰው ነው የሌለኝ። የቱ ይሻላል? አትመልሺልኝ፣ አውቃለሁ።

ቅዳሜ የካቲት 8

አዴ ብርቄ መጡ። የገመቹ እናት ናቸው፤ አዴ የምላቸው በኦሮሞ ትልቅ ሴት እንዲያ ስለምትጠራ ነው። ቅቤ በጣሳ፣ በሶ በከረጢት። በየፎቁ እያረፉ ወጡ። እንደገቡ ሆዴን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ፊቴን ግን ረጅም ጊዜ አዩት።

ከሰዓት በረንዳ ላይ ቆምን። ይሄ ሁሉ ማሳችን ነበር ይላሉ። ገላን ኮንዶሚኒየም ከመሠራቱ በፊት። ጤፍ እዚያ፣ ሽምብራ ከወንዙ ወዲህ። መኪና የሚቆምበት አስፋልት አውድማችን ነው። ገመቹን የወለዱት ከአውድማው አጠገብ በነበረው ጎጆ፣ ምሰሶ ይዘው። ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚናገሩት፣ ሳያማርሩ። ከአራት ልጆቻቸው አንድም በሬ ጠምዶ የሚያውቅ የለም። አንዱ ሹፌር፣ አንዱ ጥበቃ፣ አንዷ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር፣ አንዱ ሥራ ፈላጊ። እኔም አፈሩን ረግጬው አላውቅም፤ የምኖረው ከበላዩ ነው።

ከእኛ ፊት ለፊት ያለው በር የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። እዚህ ከገባችሁ ስንት ጊዜ ነው? ሦስት ዓመት። ዞረው በሩን አዩት። ያኔ አፈርኩ። ቴሌቪዥናቸውን እሰማለሁ፣ ሕፃናታቸው ሲጣሉ እሰማለሁ። በሩ ብረት ነው፣ የእኛም ብረት ነው። እኔ ከሥራ ስመለስ እነሱ ዘግተዋል፣ እነሱ ሲወጡ እኔ ዘግቻለሁ።

ኪኒኑን ምንድነው አሉኝ። ቫይታሚን አልኳቸው።

ሰኞ የካቲት 10፣ ማታ

ራሴን ያመኛል። ሙቀቱ ይሆናል። መጋዘኑ ቆርቆሮ ነው።

ገመቹ ከሚሌ ደወለ፣ እየተመለሰ ነው። ድምፁ ይቆራረጣል። ደህና ነኝ አልኩት። መሪ የያዘን ሰው ምን ብዬ ላስደንግጠው? ስልኩን ስዘጋ አዴ ብርቄ እያዩኝ ነበር። አስተያየታቸው አስፈራኝ።

የተኛሁ አስመስዬ ነው የምጽፈው። ሆስፒታል ከሄድኩ አያስወጡኝም። ካልሄድኩ ምንም ላይሆን ይችላል። እንዲህ እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ሕፃኑ ይንቀሳቀሳል። ሲንቀሳቀስም እፈራለሁ፣ ዝም ሲልም እፈራለሁ።

ማክሰኞ የካቲት 11፣ ጠዋት

መስመሮችሽ ይደበዝዛሉ። የዓይኔ ጥግ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ። ራሴ ሊፈነዳ ነው።

አዴ ብርቄ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ፊትሽ አብጧል።»

«እንቅልፍ ነው፣ አዴ።»

«እኔን አታታልዪኝ። ከገመቹ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። አንዱ ሲወለድ ፊቴ ልክ እንዳንቺ ነበር። ሴቶቹ ቅቤ ቀቡኝ፣ ጸሎት አደረጉ፣ ምን ያውቃሉ? እኔ ስነቃ ልጁ የለም።»

ምሰሶ ይዘው ወለዱ የተባለውን ብቻ ነበር የሰማሁት። ገመቹም የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ አሮጊቷ እቤት ውለጂ ይሉኛል ብዬ ስፈራ ነበር!

የጤ/ጣቢያውን ሁሉ ነገርኳቸው። የእናቴንም። አልተቆጡኝም። «ተነሺ» ብቻ አሉኝ።

በስልክ መኪና ጠራሁ። አንዱ ተቀብሎ ሰረዘ። ሌላውም ሰረዘ። ልነሳ ስል ወለሉ አብሮኝ ተነሳ። አዴ በሩን እየከፈቱ ነው። ምን ሊያደርጉ ነው? ደረጃው ላይ ወጥተው

ማክሰኞ፣ ከሰዓት፣ ሆስፒታል

አዴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጮሁ። «ኡኡ! የሰው ያለህ! ልጄን ድረሱልኝ!» ኮንክሪቱ ድምፁን ከላይ እስከ ታች ወሰደው። እንዲያ ያለ ጩኸት የሰማሁት ሳሪስ ነው፣ በልጅነቴ። እዚህ ሰው ፖሊስ ይጠራል እንጂ ማን ይከፍታል ብዬ ነበር።

ከፈቱ። መጀመሪያ የፊት ለፊቱ በር። አንዲት ሴት፣ ሂጃቧን እያስተካከለች፣ እጇ ዱቄት በዱቄት። ከዚያ ከላይ፣ ከዚያ ከታች። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ ሁለት ሰዎች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አወረዱኝ። አዴ ብርቄ ወንበሩን ከኋላ ይዘው በኦሮምኛም በአማርኛም ያዛሉ።

ሴትዮዋ መኪና አላት፣ ትንሽ፣ አሮጌ። እጇን ሳትታጠብ በስሊፐር ነዳች። ቃሊቲ ላይ ከባድ መኪናው ተሰልፎ ቆሟል። እጇን ከጥሩምባው አላነሳችም። እየነዳች በመስታወቱ አየችኝ።

«ሳልሽን ለይቼ አውቀዋለሁ» አለች፣ «ስምሽ ግን ማነው?»

ፀዳለ አልኳት። ሐያት እባላለሁ አለችኝ። አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ መሃል ለምን እሱ እንዳስለቀሰኝ እንጃ።

አዴ ብርቄ ስልኬን ረስተው አንቺን አመጡ፤ ማንበብ አይችሉም፣ የጤ/ጣቢያ ደብተር መስለሻቸው። የገመቹን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም! አዴም ስልካቸውን ቤት ጥለውታል። ሐያት ስልኬን ልታመጣ ተመለሰች።

መርፌ ወጉኝ። ደም ሥሬ ውስጥ እሳት የለቀቁብኝ ነው የመሰለኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ከእኔ ታንሳለች። ሕፃኑ አሁን በኦፕሬሽን ካልወጣ ሁለታችሁም አትተርፉም አለች። ባለቤትሽ የት ነው? መንገድ ላይ። ራስሽ መፈረም ትችያለሽ።

አዴ ብርቄ ላይ አፈጠጥኩ፤ እሳቸው ይወስኑልኝ ብዬ።

«እኔን አትዪኝ» አሉ። «እኔን በዚያን ጊዜ የጠየቀኝ አልነበረም። አንቺን ጠየቁሽ። ተናገሪ።»

ፈረምኩ። ከነቃሁ እጽፍልሻለሁ። ካልነቃሁ

መጡ።

ሐሙስ የካቲት 13

አለሁ።

ሴት ናት። አላየኋትም። ያደነዘዙኝ ከወገብ በታች ብቻ ነው፤ ሲያወጧት ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፣ የድመት ግልገል የመሰለ፣ ከዚያ ይዘዋት ሮጡ። ማሞቂያ ክፍል ናት። በራሷ መተንፈስ ይከብዳታል፤ ቱቦ አድርገውላታል። ግፊቴ ገና አልወረደም። ስፌቴ ስስቅም ሳለቅስም ይቆጣል። የምስቅበት ነገር የለም።

አጠገቤ የተኛችው ሴት የሰባት ወር ልጅ ይኖራል፣ የስምንት ወር ግን አይኖርም አለችኝ፣ ለማጽናናት ይሁን ለምን። ነርሷ ተቆጣቻት፣ ተረት ነው፣ ማህፀን ውስጥ የቆየው ሁልጊዜ ይሻላል አለች። ነርሷን አምናታለሁ። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን የሴትዮዋ ነው።

ገመቹ ትናንት ደረሰ። ሐያት በስልኬ ነግራው ሞጆ ላይ መኪናውን ለረዳቱ ጥሎ በሚኒባስ መጣ። ፂሙ አቧራ። አልጋው ግርጌ ቆሞ እግሬን በብርድ ልብሱ ላይ ያዘ፣ እንደ ሕፃን። ለምን አልነገርሽኝም አለ። ልጃችንን አይቷት መጣ። እንዴት ናት አልኩት። ትንሽ ናት አለ፣ ከዚያ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆየ።

አስፈራኝ። ገመቹ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ የካቲት 15፣ ጠዋት

አሁን መራመድ እችላለሁ። ወተትም አለኝ፣ በስኒ እያለብኩ ይወስዱላታል። እናቶች ገብተው ማቀፍ ይችላሉ፣ ደረታችሁ ላይ ስታደርጓቸው ይበረታሉ ይላሉ። ሌሎቹ ይሄዳሉ። እኔ ትናንት ስፌቴን አመካኘሁ። ዛሬም ላመካኝ ነበር። እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ፦ ካየኋት በኋላ ብትሄድስ? ያላየኋት ከሆነ ይቀልለኛል ብዬ ነው።

እጇ ላይ ያሰሩት ወረቀት «የፀዳለ ልጅ» ይላል አሉ። ነርሷ ስም ጠይቃኝ ነበር፣ ቆይ አልኳት።

ሐያት ሾርባ ይዛ መጣች። የብሎኩ ሰዎች ጠይቀውሻል አለች፣ ስማቸውን እየዘረዘረች፤ ግማሹን እሷም ያወቀችው ማክሰኞ ነው። በራችንን ክፍት አድርጋ ቤቱን አጽድታለች። ከሄደች በኋላ አዴ ብርቄ ወንበራቸውን አስጠጉ።

«ለምን አትገቢም?»

እጄን ስፌቴ ላይ አደረግኩ። ገባቸው።

«እኔም ለሁለቱ ስም አላወጣሁላቸውም ነበር» አሉ። «አንገታቸው እስኪጠና እጠብቅ ነበር። ስም ካላቸው ሲሄዱ ይከብዳል ብዬ። ምንም አልቀለለኝም፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ሲሉኝ ነው። «ማልቀስ ባማረኝ ጊዜ እንኳ ማንን ብዬ ልጥራ? እስከዛሬ የምጠራው የለኝም።»

ያ ሁሉ ማሳ፣ ያ ሁሉ ጎረቤት፣ ያ ሁሉ ልቅሶ ባለበት ዘመን ይሄንን ብቻቸውን ይዘውት ኖረዋል። እናቴም ምን ይዛ እንደነበር አላውቅም። ማንም አልጠየቃትም።

ገመቹን ጠራሁት። ትንሽ ተነጋገርን። ኦብሴ አልናት። ታገሰች፣ ቻለች እንደማለት ነው። አዴ ብርቄ ስሙን አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ጠሩት፣ ከዚያ ደግመው ጮክ ብለው፣ አጠገቤ ያለችው ሴት እስክትዞር።

አሁንም እፈራለሁ። የጋውኑን ገመድ ፈትቻለሁ። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። የልጄን ስም ነገርኳት፣ ወረቀቱን ቀይሩት አልኳት። ልገባ ነው።