የፋሪሃ ሂና

ሰዓድዬ፣ ዒድ ሙባረክ!

ከካርቱም አንዲት ነገር ብቻ ልጻፍልሽ። ትናንት ጎረቤታችን የእህቴን የፋሪሃን ቀኝ እጅ ለዒድ ሂና ትቀባ ነበር። በጦርነቱ የመስኮት መስታወት የክንዷን ነርቭ ሲቆርጥባት ሐኪም ከየት ተገኝቶ! እኔና አንቺ በጠመኔ እየሳልን የምናስተምረው የነርቭ ሴል፣ ከውስጥ እንደ አጽም የሚደግፉት ቀጫጭን ክሮች ከፊት እየተቀጠሉ ጫፉን እየገፉ ያሳድጉታል አይደል? የእሷ ክሮች ተዘበራርቀው የተቆረጠው ጫፍ እዚያው ቋጠሮ ሆኖ ቀርቷል። ሐኪሙ አሁን «ኸላስ፣ ጊዜው አልፏል» አለን። ማወቄ ምን ፈየደልኝ!

ደሴ ልጆች ሳለን ሂናው ገና ሲነካን በቅዝቃዜው እንንጫጫ አልነበር? ፋሪሃ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ስታወራ ሦስቱ ጣቶቿ ተቀብተው አለቁ። ከዚያ ጎረቤታችንን «ያላ፣ ጀምሪ እንጂ!» አለቻት።

የዒድ ካርዱ ሞላ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። እናቴን «ፋሪሃ ሂናው አምሮባታል» በያት።

ሉጥፊያ