ከደወሉ ወዲህ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ሳሉስ ለቀቀዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆትዎ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። አንገቴን ግን አላስደፋኝም፤ ይህን አስቀድመው ይወቁልኝ።

ጃዕፈርን ያገባሁ ጊዜ ከደወሌ ውጪ ብለው አባረሩኝ። ከግቢዬ ውጪ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። ቃሉን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት እኮ! ልጅ ሳለሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን የቆመውን ረጅም ግንብ ለምን ደወል ቤት እንደሚሉት ጠየቅሁዎት። መሪጌታ አይደሉ፣ ሰው የሚያውቀው የሚደወለውን ብቻ ነው፣ በግዕዝ ግን ደወል ወሰንም አገርም ነው አሉኝ። ድምፁ የደረሰው ሁሉ የአጥቢያው ልጅ ነው፣ ማንም አያስወጣውም ብለው ጨመሩበት። ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ይሁኑ ሞክሼዎች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ ግን አምኜዎት አደግሁ።

የተከራየነው ቤት ከእህል ተራው ማዶ ነው። ይህ የአዳማ ነፋስ ወደኛ ሲነፍስ ደወላችሁ እመኝታዬ ድረስ ይመጣል። ጃዕፈር ከሞጆ ጭነት ሲያጓጉዝ ሰንብቶ በደከመው ቀን እንኳ፣ ተነሺ፣ ተደወለ ብሎ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው። ማተቤም አንገቴ ላይ ነው። ታዲያ በምን ሂሳብ ነው የወጣሁት?

ስልክ ስደውልልዎ አያነሱም። ኩራት ነው ብዬ ስንቴ አለቀስኩ፣ ስንቴም ብቻዬን ተሳደብኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። ባለፈው ሰሞን እህቴን ተሻለችን ገበያ አገኘኋትና አፋጠጥኳት። እሷ መቼም መዋሸት አይሆንላት። ከፋሲካ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መደወሉን የሚያውቁት እሷ ትከሻዎን ስትነካዎት እንደሆነ ነገረችኝ። ስልኩም እጎንዎ ሆኖ ሲጮህ ዝም ብለው መጽሐፍዎን ያነባሉ አለች። አደራ፣ እንዳይቆጧት።

እንግዲህ በራስዎ ትርጉም እንሂድ፤ ከሁለታችን ከደወሉ ውጪ ያለው ማን ነው? እኔ ግን እንደ እርስዎ አልጨክንም። ማንንም አላስወጣም።

ለእናቴ ሙት ዓመት ከነባሌ እመጣለሁ። በሩን አላንኳኳም፣ ምን ሊጠቅመኝ! ገፍቼ እገባለሁ። እጎንዎ እቀመጣለሁ። እስኪበቃዎት ይቆጡኝ፤ እኔም የምመልሰውን ሁሉ እመልሳለሁ፤ እርስዎ እንደሆነ አይሰሙኝም። ስጨርስ እጅዎን እይዛለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ጃዕፈርም አላህ ያቆይልን ብሏል።

ያላስወጡኝ ልጅዎ