የጋሽ ራሃሚም አባት ዜማ

ለምወድህ አባዬ፣

እዚያ ባሕር ማዶ ፐርዝ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? አዲሱ ሕፃንህ ጥርስ አወጣ? እኛ እዚህ ቡላዋዮ ውሃው በየጊዜው ከመጥፋቱ በቀር ደህና ነን። እማዬ ከመድኃኒት ቤቷ ስትመለስ እግሯን ወንበር ላይ ትሰቅላለች። ድምፄን ቀድቼ በስልክ ስልክልህ «በኋላ እሰማዋለሁ» ስለምትለኝ ይኸው በወረቀት መጣሁብህ።

ምኵራባችን ያው ነው፣ ሰዉ ግን አልቋል። እኔን ካልቆጠርክ (እነሱም አይቆጥሩኝም፣ ሴት ነኛ) የሁሉም ታናሽ ሰባን ያለፈው ጋሽ ሌብ ነው። ጸሎቱ ያለ አሥር ወንድ አይጀመርምና፣ ዓርብ ማታ አሥር እስኪሞላ ሁላችንም በር በሩን እናያለን።

ሰንበትን እንደ ሙሽራ የምንቀበልበትን መዝሙር ታስታውሳለህ? ጋሽ ሌብ ሲመራው ሙሽራ ሳይሆን ሬሳ የምንቀበል ነው የሚመስለው። አዲስ ዜማ ሠራሁለትና ለኮሚቴው አቀረብኩ። ኮሚቴው ማለት ጋሽ ሌብና የጆሮ መስሚያ መሣሪያው ናቸው። ሳይሰማው፣ አዲስ ዜማ ያማረው ሬዲዮ ይክፈት ብሎ መለሰኝ።

የምተው መሰለህ? ረቡዕ ረቡዕ ሽማግሌዎቹ መጦሪያ ቤት ሻይ አድላለሁ። ሻይ ስቀዳ አንጎራጎርኩት፣ ስኳር ስጨምር ደገምኩት። እንዲህ እያልኩ ጥቂት ሳምንታት ቆየሁ። አንድ ዓርብ ማታ ጋሽ ራሃሚም፣ ያ ዘጠናን ያለፈው የሮድስ ደሴት ሰው፣ ብድግ ብሎ መዝሙሩን በእኔ ዜማ ጀመረ። ሁሉም ተከተሉት። እኔ ከላይ ከሴቶቹ ሰገነት ሆኜ ፊቴን በመጽሐፌ ሸፈንኩ።

ከጸሎት በኋላ ጋሽ ራሃሚም ይህ አባቱ ሮድስ ሳሉ ያዜሙት የነበረ ነው አለ። ጋሽ ሌብ ደግሞ የለም፣ የአያቶቼ አገር የሊትዌንያ ነው፣ ከአያቴ አፍ ሰምቼዋለሁ አለ።

«አንተ ትናንት የበላኸውን ሳታስታውስ የአባትህን ዜማ ነው የምታስታውሰው?» አለው።

«አንተስ መሣሪያህን አጥፍተህ ስትኖር የአያትህን በምን ሰማህ?»

ተኳረፉ። ይባስ ብሎ ጆሃንስበርግ ያሉት የምኵራብ መዝሙር መሪ ወሬው ደረሳቸው። መዝሙር እየሰበሰቡ ለየከተማው የሚያዳርሱ ሰው ናቸው። ዜማውን ቅጂና ከነባለቤቱ ስም ላኪልኝ አሉኝ። ሁለቱም ሽማግሌዎች፣ የእኔ ካልተባለ ዓርብ አልመጣም ብለው ዛቱ። አንዱ ቢቀር አሥር አይሞላም። እኔ ግን ልዋሽህ አልችልም አባዬ፣ የራሴ ስም እንዲጻፍ ነበር የፈለግኩት። ስሜ ከቡላዋዮ ወጥቶ አያውቅም።

እውነቱን ልነግረው ጋሽ ራሃሚም ክፍል ሄድኩ። ብርቱካን እየላጠ ነበር። ገና ስጀምር አቋረጠኝ።

«አውቃለሁ ልጄ። ሻይ ስትቀጂልኝ ነው የሰማሁት» አለኝ። «አባቴ ቤት ውስጥ አንድ ቀን አዚሞ አያውቅም። ከሱቅ መጥቶ ይበላል፣ ይተኛል። ያን ማታ ሳዜም ከእሱ የወረስኩት መሰለኝና ደስ አለኝ። ያንቺ ነው፤ ካልሽ ዓርብ ተነሥቼ እናገራለሁ።»

ግማሹን ብርቱካን ሰጠኝና አብረን በላን።

የአባቱን ስም ጽፌ ላክሁ። ለጋሽ ሌብ፣ የጋሽ ራሃሚም አባት ከአንድ የሊትዌንያ ነጋዴ ሳይማሩት አይቀርም አልኩት። «እኔስ ምን አልኩ?» ብሎ ዓርብ ምኵራብ ቦታው ላይ ተገኘ።

አሁን ዜማው ኬፕታውን ድረስ ይዜማል አሉ። እኔ ከሰዓት በኋላ እማዬ እስክትመጣ ባዶ ቤት ፒያኖው ላይ እጫወተዋለሁ። የእኔ መሆኑን ከጋሽ ራሃሚም ሌላ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

አምላክ ጤናህን አያጓድልብህ፣ ሕፃኑን ያሳድግልህ፣ ሰንበትህ የሰላም ይሁን።

አንድ ነገር ልለምንህ። የጆሃንስበርጉ ሰውዬ ሙዚቃ ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቁኝ፣ አባቴ ነው፣ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ያዜምልኝ ነበር አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። ምናልባት ፐርዝ ድረስ ደውለው ቢጠይቁህ፣ እባክህ አዎ በላቸው።

የመጀመሪያዋ ልጅህ