ከታንከሩ ጎን የነበረው ውሃ፦ የአቶ ጥሩሰው ዓለምብርሃን የሕይወት ታሪክ

አቶ ጥሩሰው ዓለምብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ዓለምብርሃን ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኘወርቅ በዳኔ፣ በጥር ወር 1952 ዓ.ም. በአርሲ፣ በቆጂ አካባቢ ተወለዱ። ስንዴ በሚታፈስበት አገር አድገው በ1972 ዓ.ም. አምቦ ከሚገኘው የእርሻ ትምህርት ቤት ተመረቁ። ከዚያም ለሃያ አምስት ዓመታት ቀበሌ ለቀበሌ እየዞሩ ለገበሬው የማዳበሪያ አጠቃቀም አስተማሩ። ማዳበሪያ በባዶ እጁ የሚበትን ሰው ካዩ ከበቅሎ ወርደው ይቆጡ ነበር። ቁጣቸው ግን እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አይቆይም።

በ1983 ዓ.ም. ወይዘሮ ኤልፍነሽ ሳህሌን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሉሊትንና ዮናታንን ወለዱ። ይህን ታሪክ የጻፈው የወይዘሮ ኤልፍነሽ ታናሽ ወንድም እንድርያስ ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ በእነርሱ ቤት ስላደገ አቶ ጥሩሰውን “ጋሼ” የሚላቸው ለወጉ ያህል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ዲቪ ደርሷቸው ቤተሰባቸውን ይዘው አትላንታ ገቡ። ዳውንታውን ፓርኪንግ ሠሩ፤ ኮሌጅ ፓርክ የሆቴል ሻትል ነዱ። በ2009 የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዳቸውን፣ ሲዲኤላቸውን፣ አወጡና በደቡብ ጆርጂያ ለእርሻዎች አሞኒያ በሚያደርስ ድርጅት ተቀጠሩ። ሰኞ ቤታቸው ካለበት ከዱሉዝ ወጥተው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ወዳጆቻቸው “በዚህ ዕድሜ ምን ያንከራትትዎታል?” ሲሏቸው፣ “ፓርኪንግ ቆሜ ከምውል አፈር ልሽተት” ይሉ ነበር።

አሞኒያ በታንከር ታምቆ የሚጓዝ፣ አፈር ውስጥ የሚገባ ማዳበሪያ ነው። ካመለጠ ግን እርጥበት ያለበትን ፈልጎ ይሄዳል፤ ዓይንን፣ ጉሮሮን፣ ሳንባን። መድኃኒቱ ወዲያው የሚፈስ ብዙ ውሃ ነው። ስለዚህ በያንዳንዱ ታንከር ጎን ለዚሁ ብቻ የሚቀመጥ አምስት ጋሎን ንጹሕ ውሃ አለ። አቶ ጥሩሰው በየማለዳው የትናንቱን ደፍተው አዲስ ይሞሉ ነበር። ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ ቫልቭ አይነኩም፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ሳያዩ አይጠጉም፤ ከሸሚዛቸው ኪስ ትንሽ የውሃ ጠርሙስ አይጠፋም። ኋላ ወደ አሜሪካ የተከተላቸው እንድርያስ በ2012 በእርሳቸው አማላጅነት እዚያው ሲቀጠር መጀመሪያ ያስጠነቀቁት ያን ውሃ ለሌላ ነገር እንዳይነካው ነበር።

በ2013 ኤፕሪል፣ በሁዳዴ ጾም፣ ሁለቱ ከጠዋት ጀምረው ሲሠሩ ውለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለመብላት ተቀመጡ። በእነርሱ ቤት ታናሽ ታላቁን ሳያስታጥብ ማዕድ መቅረብ ነውር ነው። ይዘውት የመጡት ውሃ አልቆ ነበር። እንድርያስ የገበሬው ቤት ድረስ መሄድ ታከተውና ከታንከሩ ጎን ካለው ውሃ በጀሪካን ቀድቶ አመጣ። አቶ ጥሩሰው ጸሎት ላይ ስለነበሩ ከየት እንደቀዳው አላዩም፤ እጃቸውን ዘርግተው ታጠቡና “ተባረክ” አሉት። እንድርያስ ደግሞ ከበሉ በኋላ ተመልሶ የቀረውን ሁሉ በጀሪካን ቀድቶ ሳህኑን አጠበበት፤ ፊቱንና አንገቱን ተለቃለቀበት። በኋላ እሞላዋለሁ አለ። አይ በኋላ! ስንቱን ቤት አፍርሷል።

ወደ ሥራቸው ተመልሰው ቱቦውን ሲፈቱ መገጣጠሚያው ለቀቀ። እንድርያስ ላቡን ሊጠርግ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነበርና ነጩ ጭስ ፊቱ ላይ ወረደበት። አቶ ጥሩሰው ነፋሱ ከኋላቸው በሚነፍስበት በኩል ነበሩ፤ እዚያው ቢቆሙ ምንም ባልነካቸው። ጭሱ ውስጥ ገብተው ጎትተው አወጡት። የውሃውን ክዳን ሲከፍቱ ከሥሩ አንድ ኩባያ የማይሞላ አገኙ። እርሱንም፣ የኪሳቸውንም ጠርሙስ የእንድርያስ ዓይን ላይ ጨረሱት፤ ለራሳቸው ጠብታ አላስቀሩም። ከዚያ አዝለውት መስኖ ኩሬ ድረስ ሮጡ፤ አምቡላንስ እስኪደርስም በኮፍያቸው እየቀዱ ፊቱ ላይ አፈሰሱለት። የእንድርያስ ዓይን ተረፈ። የእርሳቸው ሳንባ አልተረፈም።

ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ከድርጅቱ የመጡ ሰዎች ውሃው ለምን ባዶ እንደሆነ ጠየቋቸው። የታጠቡበት ውሃ ከየት እንደመጣ በዚያን ጊዜ ገብቷቸዋል። “እኔ ነኝ፤ ጠዋት ሳልሞላው ረስቼ ነው” አሉ። እንድርያስ እውነቱን ሊናገር ሲል፣ “አንተ ገና ልጅ ታሳድጋለህ፤ እኔ ከእንግዲህ በዚህ ሳንባ አልነዳም። ዝም በል” አሉት። ዝም አለ። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ዝም አለ።

አቶ ጥሩሰው ከሥራቸው ተሰናበቱ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር “ሌላውን ሲያስተምሩ የራሳቸውን ረሱ” ተባለባቸው። ወይዘሮ ኤልፍነሽም ኦክስጅናቸውን እየቀየሩ “እንዴት ሰው ውሃ ይረሳል?” እያሉ ያለቅሱ ነበር፤ እንድርያስም እዚያው ክፍል ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

አቶ ጥሩሰው በሕመም ቆይተው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018 ዱሉዝ በሚገኘው ቤታቸው በተወለዱ በ58 ዓመታቸው አረፉ። ትናንት እንድርያስ ሁሉንም ለእህቱ ነገራቸው። “ጻፈው” አሉት። “የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ፤ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽ ሳይወጣ” ይባላል፤ ለእርሳቸው ግልባጩ ደረሰባቸው።

እንግዲህ ለቀብራቸው የተሰበሰባችሁ ሁሉ ይህን ያዙልን፦ አቶ ጥሩሰው ዓለምብርሃን ውሃ ረስተው አያውቁም።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኤልፍነሽን፣ ልጆቻቸውን ሉሊትንና ዮናታንን፣ ያሳደጉትንም እንድርያስን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጎን ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይላክልን። እንድርያስንም፣ እርሳቸው እንደማሩት፣ ይማረው። አሜን።