አቶ ያደሳ ቢቂላ ለእናታቸው የሸመኑት ጋቢ

አቶ ያደሳ ከአባታቸው ከአቶ ቢቂላ ቀጄላና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጉዲቱ ደበላ በ1967 ዓ.ም. ቤቴል አካባቢ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በጭነት መኪና ረዳትነት፣ በኋላም በሾፌርነት ሠርተዋል። በ1991 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዘመነች ፍቅሬ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ሌሊሴን ወለዱ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ዘመድ ሁሉ ዝለይው ብሎኛል። እሳቸው ግን ደብቀውት ስለማያውቁ እኔም አልዘለውም። በ1998 ዓ.ም. ከጭነት ሥር አደንዛዥ ዕፅ ሸሽገው ወደ ሞያሌ ሲያሻግሩ ተይዘው ስምንት ዓመት ታሰሩ። ትዳራቸውም በዚያው ፈረሰ። እስር ቤት ሽመና ተምረው ለእናታችን ጋቢ ሸመኑ።

እናታችን በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ መርዶውን አልነገርናቸውም። እዚያ ብቻቸውን ከሚያለቅሱ፣ ሲፈቱ ሰው ተሰብስቦ ያርዳቸው ብለን ነው። ይህን የመከርኩት እኔ እኅታቸው ሀዊ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቅ ይዤ እየሄድኩ፣ እማዬ ጉልበቷን አሟት ነው የቀረችው እላቸው ነበር። በ2006 ዓ.ም. ግን ከጠበቅነው ቀን ቀድመው ተፈቱ። ጋቢውን ታቅፈው ቢመጡ፣ በእናታችን ክፍል ተከራይ ገብቶ አገኙ። መርዶውን የሰሙት ከማያውቁት ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ አየር ጤና በጎሚስታነት እየሠሩ አሥራ አንድ ዓመት ብቻቸውን ኖሩ። የቀድሞ ባልንጀሮቻቸው ለአንድ ጉዞ ብቻ ብለው ሲለምኗቸው፣ ጎማቸውን ነፍተው ሸኝተዋቸዋል። ሰፈሩ ያለፈውን ቶሎ አልረሳላቸውም፤ እሳቸው ግን ከማንም ለቅሶ ቀርተው አያውቁም። ድንኳኑን ተክለው ሲያበቁ፣ ከዳር ባለው ባዶ አግዳሚ ላይ ለብቻቸው ይቀመጡ ነበር። እኔ ቤት ከበር አልፈው አያውቁም። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ።

በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ አረፉ። ከሦስት ቀን በፊት እጄን ይዘው፣ «ሀዊ፣ አንቺ ላይ ቂም የለኝም። የእኔን መርዶ ግን ለሌሊሴ እንዳትደብቂያት» አሉኝ። ሌሊሴ ካደገች ወዲህ አባቷን አግኝታ አታውቅም ነበር። ሽማግሌ ሳልልክ፣ ንጋት ሳልጠብቅ፣ እንዳረፉ ራሴ ሄጄ ነገርኳት።

አቶ ያደሳ የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ። ልጃቸው እስከ ዛሬ ማንም ያልለበሰውን ጋቢ ደርባ ከፊት ተቀምጣለች። ድንኳን የተከሉላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ከዳር አትቀመጡ፤ ወደ እሷ ጠጋ በሉ። ለነፍሳቸውም እግዚአብሔር በእናታቸው ጎን ቦታ ይስጥልን።