የታመመው ቀበሮ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ጤናዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ የጎረቤትዎ የወይዘሮ ማሚቱ ልጅ ሠርኬ ነኝ። አስተማሪ ሆኜ ከአዲስ አበባ፣ ከጎጃም በረንዳ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልጻፍኩልዎም። ረስቼዎት አይደለም። አፍሬ ነው።

ለበርበሬ መጠቅለያ ከገዙት የፈረንጅ ወረቀት መሀል የወጣውን አሮጌ የጀርመን ተረት መጽሐፍ ያስታውሱታል? ስዕሎቹ ቀለማቸው ወይቦም ያምሩ ስለነበር ለመቅደድ ሳሱ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኛን የሰፈሩን ልጆች ሱቅዎ ውስጥ በርበሬ ጆንያው ላይ አስቀምጠው፣ ስዕሉን እያዩ ተረቱን ከራስዎ ይነግሩን ነበር። እኔ ከሁሉም የምወደው የአሮጊት ቆብ አድርጎ አልጋ ላይ የተኛውን አውሬ ነበር።

«ምስኪን ቀበሮ፣ ብርድ መቶት ነው። አሮጊቷ አልጋዋን ለቀቀችለት። ይቺ ቀይ የለበሰችው ልጅ ደግሞ ልትጠይቀው ምግብ ይዛ መጣች» ይሉን ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስገባ ያው ተረት በእንግሊዝኛ መጽሐፋችን ወጣ። የዚያን ዕለት ሱቅዎ ሰው ሞልቶት፣ ጨርቅ ነጋዴው ጋሼ ኸይረዲን እንኳ ቆመው ሲያዳምጡዎት፣ ብድግ አልኩና፣

«ውሸት ነው! ቀበሮ ሳይሆን ተኩላ ነው፤ አሮጊቷንም በልቷት ነው። እትዬ ማንበብ ስለማይችሉ ነው እንዲህ የሚሉት!» አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እርስዎ መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉና፣ «እውነትሽን ነው ልጄ፤ እኔ ምን አውቄ» አሉ።

በማግስቱ እናቴ በርበሬ ግዢ ብላ ላከችኝ። ያንኑ የቀበሮውን ስዕል ቀደው በርበሬውን ጠቀለሉልኝ። «ተዉት፣ አይቅደዱት» ማለት አቃተኝ። ከዚያ ወዲያ ተረት ነግረውን አያውቁም።

ባለፈው ክረምት ተስቦ ይዞኝ አንድ ወር ተኛሁ። ይጋባል ብለው ሰዎች ደጄን ሸሹት። አንዲት የማላውቃት ሴት ብቻ አጥሚት ይዛ ገባች።

«አትፈሪም?» አልኳት።

«ታሞ የተኛ ሰው ምኑ ይፈራል?» አለችኝ።

አለቀስኩ። ሕመሙ የጠናብኝ መስሏት አጽናናችኝ። እኔ ግን እርስዎ ያንን ስዕል በምን ዓይን እንዳዩት የገባኝ ያኔ ነው።

ደብዳቤዎን የሚያነቡልዎ ጋሼ ኸይረዲን እንደሆኑ ሰምቻለሁ። ጋሼ፣ እባክዎ ሱቁ ሰው ሲሞላ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ለእትዬ ያንብቡላቸው። ያዋረድኳቸው በሰው ፊት ነውና።

እትዬ፣ ለገና እመጣለሁ። ቢያስገቡኝም ባያስገቡኝም ከደጃፍዎ እቆማለሁ።

የበደለችዎ ልጅዎ፣
ሠርኬ