ሳልበላ የወፈርኩበት ሁዳዴ

ጥር 25
ንፋስ መውጫ ዛሬም ውርጭ። የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። የባለቤቴ የይግዛው እናት፣ እማማ ላቀች፣ ከጥምቀት በኋላ ከወገዳ መጥተው እኛ ዘንድ ናቸው። ክንዴን ያዝ አድርገው፣ “ልጄ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? የከሳ ማህፀን እኮ አይዝም” አሉኝ። ካገባን ሁለት ዓመት አለፈ፣ ልጅ የለም። ሳቅሁ። አብሽ በጥብጠው ሰጡኝ። “ይኼን በየቀኑ ትጠጫለሽ።” ይመራል... ደስ እንዲላቸው ጠጣሁት።

የካቲት 12
ሁሉም “አማረብሽ” ይለኛል። ቀሚሴ ጠበበ። የይግዛው ታናሽ እህት ጽዮን ከወገዳ ደወለች። “ፎቶሽን አየሁት፣ ምን በልተሽ ነው? ለእኔም ንገሪኝ እንጂ!” ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። እንጃ... ምን በላሁ?

የካቲት 27
ሁዳዴ ከገባ ወዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ከዚያ አንድ እንጀራ በሽሮ፣ ከዚያ የእማማ አብሽ። ክብደቴ ግን ይጨምራል። ዛሬ ክፍል ውስጥ “የበላነው ካቃጠልነው ሲበልጥ እንወፍራለን” ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች። “ቲቸር ትዝታ፣ እርስዎ አይጾሙም እንዴ?” ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ፊቴ ግን ነደደ።

መጋቢት 4
ይግዛው ቦርሳዬን ከፍቶ ሲያይ ደረስኩበት።
“ተደብቄ የምበላ መሰለህ?”
“እኔ ምን አልኩ?”
አላለም። ግን አየ። ይርበኛል፣ አልዋሽም... ሁልጊዜ ይርበኛል። ግን አልበላሁም። ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ እንጀራ።

መጋቢት 11
ግማሽ እንጀራ በልቼ ጨመርኩ። እንዴት? ፊቴ ክብ ሆኗል። እግሮቼ ግን ቀጥነዋል። ዛሬ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ሆዴ ላይ ሐምራዊ መስመሮች ወጥተዋል፣ ጥፍር የቧጨረኝ ይመስላል። የወር አበባዬም ቀረ። እማማ ሰምተው ለማርያም ተሳሉ። ተመረመርኩ፣ እርግዝና የለም። ታዲያ ሰውነቴ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

መጋቢት 14
ነገ ለስልጠና ወደ አርብ ገበያ ከተማ እሄዳለሁ። እማማ ከፍቷቸዋል። “አብሹስ?” አሉ። “ስመለስ እጠጣለሁ” አልኳቸው።

መጋቢት 20
የምጽፈው ሆስፒታል ተኝቼ ነው። ስልጠናው ላይ መጀመሪያ አቅለሸለሸኝ። ቀጥሎ ድካም... እርሳስ ማንሳት እስኪያቅተኝ። ትናንት ገበያው መሃል ወደቅሁ። ስነቃ ንፋስ መውጫ ነኝ። ዶክተር ዓለምነህ ፊቴን አየ፣ ሆዴን አየ።
“ምን መድኃኒት ስትወስጂ ነበር?”
“ምንም።”
“እርግጠኛ ነሽ?”
ይግዛው ወደ እናቱ ዞረ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በሩ ጋ ቆመው ነበር።

መጋቢት 21
ተናገሩ። ከገበያ የገዙት ነጭ ኪኒን። ሻጩ “ማወፈሪያ ነው” ብሏቸው። እየደቆሱ አብሹ ውስጥ...
“ብነግርሽ እንቢ ትያለሽ ብዬ ነው” አሉ። “እኔ ላደልብሽ እንጂ...” አልጨረሱትም።
ዶክተሩን ጠየቅሁት። ሳልበላ?
“ምግብም ድርሻ አለው። ግን እሱ ብቻ አይደለም” አለ። “ይኼ መድኃኒት የሆርሞን ዓይነት ነው፤ ውሃ ያስይዛል፣ ስቡን ፊትና ሆድ ላይ ይከምራል፣ የእግርሽን ጡንቻ ይጨርሳል። ያንን ነው ሰው ‘አማረብሽ’ ያለሽ።”
“ቆይ፣ አሁንማ ካቆምኩት ቆየሁ።”
“የወደቅሽው ስላቆምሽው ነው። ሰውነትሽ የራሱን ሆርሞን ማምረት ትቷል። ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው፤ በአንዴ መተው ይገድላል።”
እማማ ይኼን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። “ጽዮን” አሉ።
ኪኒኑን ከወር በፊት ለእሷም ልከውላት ኖሯል። እኔ ስወድቅ ደንግጠው ደውለው፣ “ያለሽን ሁሉ ዛሬውኑ ገደል ጣዪው” ብለዋታል።
ስልኳ አይነሳም።

መጋቢት 22
ይግዛው ማለዳ ወደ ወገዳ ሄደ። እዚያ ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ ተቋርጧል አሉ።

መጋቢት 24
ወሬ የለም። እማማ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ልቆጣቸው ስንት ቃል አዘጋጅቼ ነበር... ሁለታችንም የምናየው አንድ ስልክ ነው። ቁጣውን የት ላድርገው?

መጋቢት 25
ይግዛው ደወለ። አገኛት። ከአልጋ መነሳት አቅቷት፣ ጎረቤቱ ምች ነው ብሎ ቅጠል ሲያሸታት ነበር። እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ አወጧት። ትተነፍሳለች አለ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ሚያዝያ 2
እኔ ቤት ገብቻለሁ። አሁን የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ያለችው ጽዮን ናት። የሁለታችንም ኪኒን ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ ነው። ለወራት ይቀጥላል ተብለናል።
ዛሬ መቀመጥ ቻለች። መስታወት ጠየቀችኝ። ክብ ፊቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞረችው። ፈገግ አለች።
“ትዝታ... ኪኒኑ እስከ ሠርጌ ባይቀነስብኝስ? ለጥቂት ሳምንት ብቻ። ማን ያውቃል?”
ልትሞት ነበር እኮ! እማማ ላቀች ከራስጌዋ የኪኒኑን ፓኬት አነሱ። ጨብጠው ቆዩ። ልጃቸውን አዩ፣ ጉንጯን አዩ... በጣም ቆዩ። ፈራሁ።
ከዚያ እጄን ፈልገው ፓኬቱን አስያዙኝ።
“አንቺ ያዢው፣ ልጄ” አሉ። “እኔ ራሴን አላምነውም።”